የእታለም እግርና ስድስቱ ድንክ ፈረሶች

ሰኞ፣ የካቲት 24

ደብተሩን የሰጠችኝ እታለም ናት። ሽፋኑ ላይ «የመኖ መዝገብ» ይላል፤ ውስጡ ባዶ ነው። «ማን ምን እንደበላ፣ ማን እንዳስነጠሰ፣ ማን እንዳነከሰ ጻፍ» አለችኝ። «ከፈለግክ ስለ ራስህም ጻፍ፤ ፈረሶቹ አያነቡትም።»

እንግዲህ ለመዝገቡ ያህል፦ እኔ ሰላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ታላቅ እህቴ እታለም ጭቃ አዳልጧት ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሯል። እግሯ እስከ ጉልበቷ በጀሶ ታስሮ በሁለት ክራንች ነው የምትንቀሳቀሰው። ልጆች ግልቢያ የሚማሩባቸው ስድስት ድንክ ፈረሶች አሏት፤ ወቅቱ ከወር በኋላ ይከፈታል። እስካሁን ጎረቤቷ የእንስሳት ሐኪሟ ጠዋት ጠዋት ታግዛት ነበር፤ አሁን ግን በየቦታው የሚወልደው ከብት በዛባት። እኔ ደግሞ ሌላ ሥራ የለኝም። የመጣሁት ለሁለት ሳምንት ነው። ሁለት ሳምንት፣ አበቃ። ለልጄም በስልክ የነገርኳት ይህንኑ ነው።

ስለ ፈረስ የማውቀው አውቶቡስ እንደማይሳፈር ብቻ ነው።

ዛሬ አንዱ ረገጠኝ፣ አንዱ የካፖርቴን እጅጌ አኘከ፣ አንዷ ደግሞ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። እታለም በመስኮት እያየች ሳቀችብኝ። ሳቋ ያው ነው፤ ልጅ ሆነን ከአጥር ላይ ስወድቅ የሳቀችው ሳቅ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ቸኩያለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አደረ። ግቢው ሾርባ ሆኗል። ቦት ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ እግሬ በካልሲ ብቻ ወጣ። ድርቆሽ ስድስት ቦታ። ውሃ ስድስት ባልዲ። ፋንድያ አራት ጋሪ! እነዚህ ከወገቤ የማያልፉ ፍጥረቶች አራት ጋሪ ከየት ያመጡታል? አንዱ ጋሪ መንገድ ላይ ተገለበጠብኝ። ማንም አላየኝም።

እታለም አይታኛለች። እራት ላይ ነገረችኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

የሦስቱን ስም ለየሁ። ንግሥት ነጭ ባዝራ ናት፣ እርጉዝ ናት፣ በመጋቢት መጨረሻ ትወልዳለች ተብሏል። ሆዷ ግራና ቀኝ ወጥቶ፣ ከኋላ ሲያዩዋት ጢም ብሎ የሞላ አውቶቡስ ትመስላለች። ድንቡሼ ቡላ ነው፤ ሆዳም ነው፤ ሲለምን ግን ዐይኑ ድንጋይ ያራራል። ዳኛው ጥቁር ሽማግሌ ነው፤ ጥግ ላይ ቆሞ ሁሉን እያየ በልቡ የሚፈርድ ይመስላል። የቀሩት ሦስቱ እህትማማቾች ናቸው፤ አንዷን ከአንዷ ስለማልለይ ሦስቱንም «እመቤቴ» እላቸዋለሁ። እስካሁን ቅር ያላት የለችም።

ዛሬ የዳኛውን ኮቴ አጸዳሁ! እኔ! እታለም ደጃፉ ላይ ወንበር አስወጥታ፣ በክራንቿ እየጠቆመች ታዘኛለች። «ትከሻህን አስደግፈው። አንተ ልጅ፣ አትለምነው፣ ንገረው!» ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ለእሷ ግን አሁንም አንተ ልጅ ነኝ። ትከሻዬን አስደገፍኩት። እግሩን ሰጠኝ። ያ ሁሉ ክብደት በእጄ ላይ! ጭቃውንና ጠጠሩን ፈልቅቄ አወጣሁ። ስጨርስ እግሩን ቀስ ብሎ አሳረፈና አንገቱን አዙሮ ፀጉሬን አሸተተኝ።

ሰላሳ አንድ ዓመት ስንቱን ሰው አሳፈርኩ። አንድም ተሳፋሪ ፀጉሬን አሽትቶኝ አያውቅም።

እሑድ፣ የካቲት 30

ልጄ ደወለች። «አባዬ፣ የጓዳዋን ክፍል ቀለም አስቀባኋት። ቴሌቪዥንም አስገባሁልህ። መቼ ነው የምትመጣው?»

ከእሷ ጋር እንድኖርባት ያዘጋጀቻት የጓዳዋ ክፍል አንድ መስኮት አላት፤ መስኮቷ የምታየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው። ልጄ ጥሩ ልጅ ናት። እናቷ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን መኖሬ እንቅልፍ ይነሳታል።

«የአክስትሽ እግር ሲድን» አልኳት።

«እንዴት ነው ታዲያ?»

«ገና ነው። ገና።»

ሁለት ጊዜ ገና ማለቴ አሁን ስጽፈው ነው የታወቀኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

የእታለም ጀሶ ወጣ። ሆስፒታል የወሰደቻት የእንስሳት ሐኪሟ ናት። እኔ ልውሰዳት ብል «ድርቆሹን ማን ያወርዳል?» ተባልኩ። ሲመለሱ እታለም እግሯን በፋሻ ጠቅልላ፣ ክራንቾቿን ይዛ ነበር።

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«ሐኪም ምን ይላል? ገና ነው አለ። ጥንቃቄ አለ። ጭቃ የሚባል እንዳትረግጪ አለ።»

የእንስሳት ሐኪሟ ኮርኒሱን ታይ ነበር። ኮርኒሱ ያፈስ እንደሆነ ልጠይቃት ብዬ ረሳሁት።

ሁለት ሳምንቴ ሊሞላ ነው። እንዲህ ሆና እያለች ግን ጥዬ መሄድ ነውር ነው። ለልጄ ነገ እነግራታለሁ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ፀሐይ! ከመጣሁ ወዲህ እውነተኛ ፀሐይ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ናት። ሁሉም ፀጉሩን እያራገፈ ነው፤ ብሩሹን አንዴ ሳሳርፍ እፍኝ ሙሉ ይወጣል፤ አፌ ውስጥ፣ ሻዬ ውስጥ፣ ትራሴ ላይ ፀጉር ነው። ከእመቤቶቹ አንዷን ግንባሯ ላይ ባለ ጠቃጠቆ ለየኋት። ሥራውን ሁሉ ከስድስት ሰዓት በፊት ጨረስኩ! ከዚያ እያፏጨሁ ድንቡሼን ወደ ታችኛው መስክ አወጣሁት። አዲሱ ሣር ፍክት ብሏል። እታለም የታችኛውን መስክ አትክፈት ብላኛለች፤ ግን ለጭቃው ብላ መስሎኝ፣ ዛሬ ደግሞ ደርቋል። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ቀና ሳይል ጋጠ። እንዲህ ደስ ያለው ፍጡር አይቼ አላውቅም።

እሑድ፣ መጋቢት 7

ድንቡሼ አይራመድም። ኮቴው እሳት ሆኗል። የእንስሳት ሐኪሟ መጥታለች። እኔ ነኝ ያደረግኩት። በኋላ እጽፋለሁ።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

አሁን ረጋ ብዬ ልጻፈው።

ትናንት ጠዋት ጋጣውን ስከፍት፣ ድንቡሼ የፊት እግሮቹን ወደፊት ዘርግቶ ወደ ኋላ ተደግፎ ቆሟል፤ የጋለ ምጣድ ላይ እንደቆመ ሰው። ባልዲ እያሳየሁ ጠራሁት። ድንቡሼ ባልዲ አይቶ አልመጣም!

የእንስሳት ሐኪሟ አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። አዲስ የበቀለ ሣር ስኳር ነው አለችኝ፤ ለእንዲህ ያሉ ድንኮች መርዝ ማለት ነው፤ የኮቴያቸው ውስጥ ይቆጣል፣ ከባሰ ኮቴው ውስጥ ያለው አጥንት ይዞራል። «ከዞረስ?» አልኳት። መርፌዋን እየከተተች «አይዙር ብለን እንሠራለን» አለች። ማስታገሻ ወጋችው። እግሩን በቀዝቃዛ ውሃ መንከር፣ ከሥሩ ገለባ በወፍራሙ መጎዝጎዝ፣ ድርቆሹን ዘፍዝፎ ስኳሩን አጥቦ መስጠት። የሦስት ቀን ነገር ነው አለች፤ በሦስት ቀን ይለይለታል።

ለእታለም ለመንገር ወጥ ቤት ከመግባቴ በፊት ግቢውን ሁለቴ ዞርኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው በሥራ ዘመኔ ሰው የገጨሁት፤ ያኔ እንኳን ለአለቃዬ ስነግር እንዲህ አልሆንኩም። ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«አልነገርኩህም» አለች በመጨረሻ። «አትክፈት አልኩህ እንጂ ለምን እንደሆነ አልነገርኩህም። ብቻዬን መሥራት ለምጄ፣ ሰው ሊያውቀው የሚገባውን መንገር ረስቻለሁ።»

ይሄ ከስድብ ይልቅ አንገበገበኝ። ብቻዋን መሥራት የለመደችው ባሏ ከሞተ ወዲህ ነው። ዘጠኝ ዓመት። ቀብሩ ላይ ጠዋት መጣሁ፣ ከሰዓት ተመለስኩ፤ በማግስቱ ፈረቃ ነበረኝ። ፈረቃውን የሚቀይረኝ ሰው አልነበረም? ነበረ። አልጠየቅኩትም።

ዛሬ አምስት ጊዜ እግሩን ነከርኩ። ውሃው ከምንጩ ነው፤ ጣቶቼ አይሰሙኝም። ድንቡሼ ግንባሩን ደረቴ ላይ አስደግፎ ይቆማል። ይቅርታ ጠየቅኩት። አጠገቤ ሰው አልነበረም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ያው ነው። ከትናንት አልባሰበትም። አልባሰበትም!

ባልዲ ልወስድ ወደ ቤት ስሄድ በወጥ ቤቱ መስኮት ሴቶቹ ሲያወሩ ሰማሁ። የእንስሳት ሐኪሟ «እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትቀጥዪው?» አለች። እታለም «እስኪለምድ ድረስ» አለች። ስለ ድንቡሼ መድኃኒት መሆን አለበት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ተራመደ! ከጋጣው ጥግ እስከ በሩ ድረስ ስድስት እርምጃ፣ ባልዲ ፍለጋ! የእንስሳት ሐኪሟ ኮቴውን ነካክታ «በጊዜ ደረስክበት፤ አጥንቱ አልዞረም» አለች። አቀፍኳት። ከዚያ አፈርኩ። ከዚያ ድንቡሼንም አቀፍኩት። እታለም ከወንበሯ «እኔስ?» አለች፤ እሷንም። ግቢው ውስጥ ያላቀፍኩት ዳኛውን ብቻ ነው፤ አስተያየቱ አላማረኝም።

ሌላም ነገር አለ። ጠዋት ስወጣ ከቤቱ እስከ ንግሥት ጋጣ ድረስ ጭቃው ላይ የቦት ጫማ ዱካ አየሁ። ትንሽ እግር ነው፣ የሁለት እግር ዱካ፣ በደንብ የተረገጠ፣ የክራንች ቀዳዳ የሌለው። የእንስሳት ሐኪሟ ማልዳ መጥታ ይሆናል። የእሷ እግር ግን ትልቅ ነው።

ዝናቡ በኋላ አጠበው። እኔም አልጠየቅኩም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

ሩጫ። አጥር ጠገንኩ። ኮርቻዎቹን በሳሙና አጠብኩ፣ ስድስቱንም። የልጆቹን ሄልሜት ቆጠርኩ፤ አንዱ ውስጥ አይጥ ወልዳለች፣ ተውኩላት። ጭቃው ላይ ጠጠር አፈሰስኩ፣ ጭቃው ጠጠሩን በላው፤ ደግሜ አፈሰስኩ። በአንድ ቀን ለምሳ የተቀመጥኩት አምስት ደቂቃ ነው። ወገቤ ተቆርጧል፤ እንዲህ ያለ እንቅልፍ ግን ከጉርምስናዬ ወዲህ ተኝቼ አላውቅም።

ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያስቀመጥኩት የቅባት ቆርቆሮ ታች ወርዷል። ለመድረስ በርጩማ ላይ መውጣት ያስፈልጋል። ንፋስ ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 24

የንግሥት ጡት ጫፍ ላይ ሰም የመሰለ ጠብታ ወጣ! እታለም «ቀርቧል» አለች። የእንስሳት ሐኪሟ ደግሞ «ቁጭ ብለህ አትጠብቃት፤ ባዝራ ሰው የማያያትን ሰዓት መርጣ ነው የምትወልደው» አለችኝ። እኔ ግን በየሰዓቱ እሄዳለሁ። ንግሥት ስታየኝ «ደግሞ መጣህ?» የምትል ይመስለኛል።

ልጄ ደወለች። «እሑድ እመጣለሁ፣ አባዬ። በመኪና። ሻንጣህን አዘጋጅ።»

«እሑድ መክፈቻ ነው፤ ስምንት ልጆች ይመጣሉ።»

«እንዲያውም ጥሩ፤ ሥራውን አስጀምረህ ትወጣለህ። ሁለት ሳምንት ብለህ ወር አለፈህ እኮ! የሰው እግር ይህን ያህል ይቆያል?»

«እድሜ ነው» አልኳት። እታለም አጠገቤ ተቀምጣ ድንች ትልጥ ነበር። ቀና አላለችም። ልጣጩ ግን በጣም ወፈረ።

እሑድ፣ መጋቢት 28

ከየት ልጀምር!

ሦስት ሰዓት ላይ ስምንቱም ልጆች ከነወላጆቻቸው ደረሱ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት። ሦስቱን እመቤቶች ጫንኩ (ሦስቱንም ለይቻቸዋለሁ!)፣ ዳኛውንም ጫንኩ፤ ድንቡሼ ገና አይሠራም፣ በሩ ላይ ቆሞ እንግዳ ይቀበላል። እታለም መግቢያው ጋ ወንበሯ ላይ፣ ክራንቾቿ ጉልበቷ ላይ። አራት ሰዓት ሲል ልጄ በመኪናዋ ደረሰች፤ ነጭ ጫማ አድርጋለች። በጭቃው ጫፍ ላይ ቆማ ታየኝ ጀመር። አንዷን ልጅ አንስቼ ኮርቻ ላይ ሳስቀምጥ «ወደ ውስጥ ጠጋ በይ» ብያታለሁ፣ ከልማድ።

ከዚያ ንግሥትን ልያት ብዬ ጋጣዋን ከፈትኩ። ተኝታለች። ላብ አጥምቋታል። ሽርት ውሃው ፈስሷል። ከጭራዋ ሥር አንድ እግር ወጥቷል። አንድ ብቻ!

ሁለት እግር ከዚያም አፍንጫ መምጣት እንዳለበት እታለም አስጠንታኝ ነበር። ለእንስሳት ሐኪሟ ደወልኩ፤ ሌላ በረት ናት፣ አርባ ደቂቃ እንደሚፈጅባት ነገረችኝ። አርባ ደቂቃ የለንም። በሩ ላይ ወጥቼ ባለኝ ድምፅ ሁሉ «እታለም!» አልኩ።

እታለም ደረሰች። ሹራቧን አወለቀች፣ ክንዷን እስከ ብብቷ በሳሙና ታጠበች፣ ገለባው ላይ ተንበረከከች።

«ራሷን ያዝልኝ። አረጋጋት። አናግራት!»

«ምን ልበላት?»

«ለተሳፋሪ የምትለውን በላት!»

ለተሳፋሪ የምለው ሌላ ምን አለ? የመስመሬን ፌርማታዎች ጠራሁላት። ሆስፒታሉ። ገበያው። ትምህርት ቤቱ። ድልድዩ። መጨረሻው። እንደገና ከሆስፒታሉ። ንግሥት ጆሮዋን ወደ እኔ አቀናች፤ ዐይኗ ፈጧል። እታለም ጥርሷን ነክሳ «ጉልበቱ ታጥፏል... አገኘሁት... አትግፊ፣ እናቴ፣ ትንሽ አትግፊ...» ትላለች። ሁለተኛው ዙር ላይ ድልድዩ ጋ ስደርስ «ወጣ!» ብላ ጮኸች። ሁለት እግር። አፍንጫ። ከዚያ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ሸርተት ብሎ ገለባው ላይ ተዘረገፈ።

አይተነፍስም። እታለም አፍንጫውን ጠረገች፣ እኔ በገለባ አሸሁት፣ ጎኑን አሸሁት፣ አሸሁት፣ ክንዴ እስኪዝል። አስነጠሰ! በሩ ላይ ስምንት ልጆች ተደርድረው ነበር ለካ፤ ሲያስነጥስ ሁሉም አንድ ላይ «ይማርህ!» አሉ።

ወንድ ነው። ጥቁር ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። ከአንድ ሰዓት በኋላ በአራት እግሩ ቆመ፤ አራቱም እግሮች የተለያየ አቅጣጫ ይሄዱ ነበር።

አሁን ልጄ ያለችኝን ልጻፍ። ውጭ እጄን ስታጠብ አጠገቤ መጣች። ነጩ ጫማ ነጭ መሆኑ ቀርቷል።

«አባዬ። አክስቴ ሮጣ መጣች።»

«እ?»

«ያንን ሁሉ ጭቃ፣ ሮጣ። ክራንቾቿ መግቢያው ጋ እንደወደቁ ናቸው።»

«ሰው ሲጨንቀው...» ብዬ ጀመርኩ።

አየችኝ። እናቷ ናት እንዲህ የምታየኝ የነበረችው።

«ሻንጣህንም አላዘጋጀህም» አለች።

«ንግሥት ምጥ ላይ ሆና?»

«ከረቡዕ ጀምሮ?»

ልጄ ሱሪዋን ወደ ላይ ጠቀለለች፣ የአንዷን እመቤት ገመድ ተቀበለችኝና እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ልጆች ስታዞር ዋለች። ሲመሻሽ መኪናዋ ውስጥ ገብታ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። «የጓዳዋ ክፍል ውስጥ የስፌት መኪናዬን ላስገባ ነው» አለች። «ሁልጊዜም ቦታ አጥቼላት ነበር።» ከዚያ ፊቷን አዙራ መኪናውን አስነሳች። ጭቃው ውስጥ ጎማው ተሽከረከረ፤ እኔና እታለም ከኋላ ገፋንላት።

ሁለታችንም ገፋን።

ሰኞ፣ መጋቢት 29

ባልዲ ስናጥብ ነው። ክራንች የለም። እሷም አላነሳችውም፣ እኔም። አራተኛው ባልዲ ላይ ስንደርስ አልኳት፦

«እታለም፣ እግርሽ ድኗል።»

«ድኗል።»

«መቼ?»

«ጀሶው የወጣ ቀን። ሐኪሙ እንደ ልብሽ ተራመጂበት አለኝ።» ባልዲውን ገለበጠች። «አንተስ ያወቅክ መቼ ነው?»

«ዱካሽን ያየሁ ጊዜ። ሁለት ሳምንት አለፈው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አንቺስ ለምን ዋሸሽ?»

ለረጅም ጊዜ ያንኑ አንድ ባልዲ አጠበች። ከዚያ፣ ሳታየኝ፣ «ከተነገረህ ትሄዳለህ ብዬ ነው፣ ወንድምዓለም» አለች። «ትመጣለህ፣ ትሄዳለህ። ሁልጊዜ ፈረቃ አለህ።»

ስለ ቀብሩ ቀን ያኔ ነገርኳት። ሰው ልጠይቅ እችል እንደነበረ፣ እንዳልጠየቅኩ። ሁሉንም። ስለ ጓዳዋ መስኮትም ነገርኳት፤ ስለ ሁለቱ «ገና»ዎች። አለቀሰች። እኔም ዐይኔ ውስጥ ሳሙና ገባ።

«እና አሁን?» አለች አፍንጫዋን በክንዷ እየጠረገች። «ሰበብ አልቆብናል።»

«ያለ ሰበብ ነዋ» አልኳት።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 4

ባጭሩ፤ ልጆቹ ደርሰዋል፣ እየጠበቁኝ ነው።

ዛሬ ጠዋት ውርንጭላውን ከእናቱ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ላይኛው ሜዳ አወጣነው። መጀመሪያ ጭቃውን አሸተተ፤ ከዚያ ረገጠው፤ ከዚያ እግሩ የሚሠራ መሆኑ ድንገት ገባው። ዘለለ። ወደቀ። ተነሳ። ከዚያ ጥሎን በረረ! ሜዳው መጨረሻ ላይ ያልጠገንኩት የአጥር ክፍተት አለ፤ እኔና እታለም እኩል አየነው፣ እኩል ጮኽን፣ እኩል ሮጥን። ጭቃው ወደ ፊታችን ይረጫል፣ ንግሥት ከኋላችን ታሽካካለች፣ እታለም እየሮጠች ትስቃለች። ባለኝ ጉልበት ሁሉ ሮጥኩ።

እታለም ቀደመችኝ።